አባ ጠርጥርና አላፊ አግዳሚ

አባ ጠርጥር የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሌላው ሊፍት ጠጋኝ ቁልፉን ይጫናል፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል፣ "ደህና ነው" ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። እሱ ግን "እስቲ ለማንኛውም" ይልና እስከ ጣሪያው በደረጃ ወጥቶ፣ የሞተሩን ክፍል ከፍቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ካላዳመጠ እህል አይቀምስም። የላላ ብሎን ወይም የሳሳ ገመድ ያገኘ ቀን ፊቱ ይፈካል። ምንም ያላገኘ ቀን "ዛሬ ተደብቆብኛል" ብሎ ግንባሩን ቋጥሮ ይወርዳል እንጂ ሊፍቱ ጤነኛ ነው ብሎ አያምንም። ስሙ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባና ሚስቱም በዚሁ ትጠራው ጀመር።

ሚስቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ለሁለቱ ሰፍቷቸዋል። እሷ ሳሎን ትቀመጣለች፤ እሱ የልጅቷ መኝታ ቤት በነበረው ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሩ ላይ ተተክሎ ያመሻል። "ራት ቀርቧል" ስትለው "እሺ" ይላል። "እህቴ ደውላ ነበር" ስትለውም "እሺ"። "ዛሬ ሥራ ቦታ ምን እንደገጠመኝ ብነግርህ" ስትለውም ያው "እሺ"፤ ከዚያ በሩ ገርበብ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። አይሳደብም፣ አይጠጣም፣ አምሽቶ አይገባም። ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኖር ለምዶበታል።

እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ምን ይሠራል? በኢንተርኔት ማንም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት መዝገበ ዕውቀት አለ አይደል? እዚያ ላይ ያለ ደመወዝ ከሚለፉት አንዱ ነው። በዚያ ሰፈር እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራ የለም፤ እሱም ወንፊት ይባላል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። አንዳንድ ሰው ክርክር ሲጠነክርበት ሁለተኛ ስም አውጥቶ ብቅ ይልና፣ ራሱን በራሱ "ልክ ብለዋል፣ ይበል የሚያሰኝ ሐሳብ ነው" ይላል። ይህን ሁለተኛ ስም "ጭምብል" ይሉታል። ወንፊት ደግሞ ጭምብል ገላጭ ነው። የሰውየውን የነጠላ ሰረዝ አጣጣል፣ ሲናደድ የሚያበዛትን ቃል፣ "ስለሆነም" የሚልበትን ቦታ ያበጥርና "ይሄ እኮ እገሌ ነው" ይላል። ይጣራል፤ እገሌ ሆኖ ይገኛል። "ሦስት መስመር ስጡኝ እንጂ ሰውየውን አውቀዋለሁ" ማለት ያበዛ ነበር።

ከዚህ ሌላ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር የድልድይ ሳጥኑ ነው። መለጠፊያ ይሉታል፤ በየጽሑፉ ጎን የሚቀመጥ ተዘጋጅቶ ያለቀ ሳጥን ነው። አንዴ ይሠራና በብዙ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ሳጥኑ ላይ አንድ ቃል ስታርሙ የተለጠፈበት ገጽ ሁሉ አብሮ ይታረማል። ወንፊት ለድልድዮች እንዲህ ያለ ሳጥን ሠርቷል። የወንዙ ስም፣ ርዝመቱ፣ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተመረቀ ይሞላበታል። ከታች ግን ሌላ ሳጥን ላይ የሌለች አንዲት መስመር አለች፤ "ከድልድዩ በፊት ሰው በምን ይሻገር ነበር?" የምትል። በጀልባ ይሆን? በገመድ? ወይስ ጭራሽ አይሻገርም ነበር? ይህቺ መስመር የመጣችለት አውቶቡስ ላይ ቆሞ ሲሄድ ነው። ደስ ብሎት ቤት ሲገባ ለሚስቱ ሊነግራት አስቦ፣ "ምን ይገባታል" ብሎ ተወው።

አንድ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሳጥኑ አናት ላይ ቀይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘ። አቅራቢው ምስማር የሚባል አርታኢ ነው። ነገሩ አጭር ነው፤ ለሕንፃ፣ ለግድብ፣ ለማማ የሚያገለግል አንድ ትልቅ የግንባታ ሳጥን እያለ፣ ለድልድይ ብቻ ሌላ ሳጥን ማስታመም ለምን አስፈለገ? አንድ እርማት በመጣ ቁጥር ሁለት ቦታ ይታረማል፤ አንዱ ጋ ይረሳል። ስለዚህ የድልድዩ ከትልቁ ጋር ይዋሃድና ይሰረዝ ነው የሚለው። በወጋቸው መሠረት ክርክሩ አንድ ሳምንት ክፍት ይሆናል፤ ሁሉም ሐሳቡን ይሰነዝራል፤ መጨረሻ ላይ ክርክሩ ውስጥ ያልገባ ሰው መጥቶ ይዘጋዋል። የሚመዘነው ምክንያት ነው እንጂ ድምፅ አይቆጠርም ይባላል። ሁሉም ግን ይቆጥራል።

ወንፊት እርር ድብን አለ። ምስማር ከድሮም አይጥመውም ነበር፤ በአንድ ግድብ ከፍታ ላይ ዱላ ቀረሽ ክርክር ገጥመው ምስማር ተረትቷል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቀን ሲጠብቅለት ከርሞ ነው ማለት ነው! የሚፈልገው ሳጥኑን ሳይሆን እኔን ነው አለ በሆዱ። ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ድልድይ እንደ ሕንፃ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ነገር አይደለም፤ ሁለት ዳር ያለው ነገር ነው፤ ያቺ የመጨረሻ መስመር ግንብና ማማ ላይ ምን ልትሠራ ነው? ሁለት ሦስት ሰው ደገፈው። ነገሩ ወደ እሱ ያዘነበለ መሰለና ረቡዕ ዕለት እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ።

ሐሙስ አላፊ አግዳሚ የሚባል መጣ።

ስሙ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። የጻፈውም እንዲህ የሚል ነበር። "ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡር ወንፊት። ሳጥንዎ የተለጠፈባቸውን ገጾች አንድ በአንድ አየሁ። ያቺ የሚኮሩባት መስመር ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ላይ ባዶ ናት። ጥያቄውን ጠይቀው መልሱን ሳይጠብቁ ሄደዋል። እኔ በምሠራበት ቦታ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ወጥቶለት ሲገኝ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ስለማይታይ ሰውየው ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን። ሳጥኑ ቢዋሃድ ድልድይዎ አይፈርስም።"

ወንፊት አንብቦ ጥርሱን ነከሰ። ክርክር ውስጥ የሚገባ አዲስ ሰው "ይዋሃድ" ወይም "ይቅር" ብሎ ይሄዳል እንጂ፣ ገጽ ለገጽ ዞሮ ባዶ መስመር አይለቅምም። "መልሱን ሳይጠብቁ ሄደዋል" የምትለዋ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ይሄ የሚያውቀኝ ሰው ነው አለ። እንዲህ ቆሽቴን ሊያሳርር የሚችል ማነው? ከምስማር ሌላ ማን ሊሆን? ከዚያ ማበጠር ጀመረ። "ካርድ" ይላል፤ ካርድ ያለው ሐኪም ቤት ነው፤ ምስማር ደግሞ አንድ ጊዜ ስለ ወባ የተጻፈ ገጽ አርሟል። አላፊ አግዳሚ ሲጽፍ ምስማር ዝም ይላል፤ ሁለት አፍ ባንዴ ስለማይናገር ነዋ! እናንተዬ፣ ሰው አንዴ ከጠረጠረ እኮ ዝምታም ምስክር ይሆንለታል።

በልቡ እንዲህ እያለ ለአላፊ አግዳሚ ግን ማር የሆነ መልስ ጻፈ፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሁሉ ተግባብተው ሲያወጉት ነው አፉ አምልጦት የሚጋለጠው። "ክቡር አላፊ አግዳሚ፣ ሳጥኑን ለመመርመር ስለሰጡት ጊዜ ከልብ አመሰግናለሁ" ብሎ ጀመረና አራት ረጃጅም አንቀጽ አወረደ። መስመሯን ለምን እንዳሰባት፣ አውቶቡሱን፣ ሰው ከወንዝ ማዶ ያለ ዘመዱን እያየ መሻገር ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው ሳይቀር ጻፈለት። ለማጥመጃ የጀመረው ነገር እየጣመው ሄደ። አላፊ አግዳሚም መለሰ፤ እሱም መለሰ። ሐሙስ እንዲህ ሆነ፣ ዓርብም እንዲሁ።

ዓርብ ማምሻውን ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታ ሚስቱ ከሳሎን ሰማችው።

"ማነው ያናደደህ?" አለችው ስልኳን እንደያዘች።

"አታውቂውም" አላት።

"ምናልባት እኮ ልክ ይሆናል።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ማስረጃውን ደርድሮ ለአጣሪው አመለከተ። አጣሪው እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገባ የማየት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው፤ እንዲሁ በስማ በለው አይመለከትም፤ በቂ ምክንያት ይጠይቃል። ወንፊት የወባውን፣ የዝምታውን፣ የነጠላ ሰረዙን ሁሉ ጻፈና መጨረሻ ላይ፣ "ይሄ ሰው ምስማር ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ደመደመ። አጣሪው "የወንፊት ቃል አሳፍሮኝ አያውቅም" ብሎ ተቀበለው።

መልሱ እሑድ ከምሳ በኋላ መጣ። የአላፊ አግዳሚና የምስማር መስመር በምንም አይገናኝም። አላፊ አግዳሚና ወንፊት ግን የሚጽፉት ከአንድ ቤት፣ በአንድ መስመር ነው።

ክው አለ። መጀመሪያ የታየው ምስማር ነው፤ መስመሬን ሰርቆ ይሆናል ብሎ የግድግዳውን ሶኬት ሁሉ በዓይኑ ዞረ። ከዚያ ጎረቤት መጣበት። ከዚያ አጣሪው ራሱ፤ ከምስማር ጋር ተመሳጥሮ ቢሆንስ? እዚያ ገጽ ላይ ደግሞ ሰው እንደ ጉድ ይንጫጫል። ወንፊት ራሱን በራሱ የሚቃወም ጭምብል ለምን ያወጣል ለሚለው ወዲያው መልስ ተገኘለት፤ ደካማ ተቃዋሚ ፈጥሮ፣ ሲረታው ታይቶ፣ ሊደነቅ ነው ተባለ። አንዱማ ወንፊት ራሱ ድሮ የጻፈውን አምጥቶ ለጠፈበት። ያኔ አንድ ልጅ በጭምብል ተይዞ "የጻፈው እኔ ሳልሆን ወንድሜ ነው፣ አንድ ቤት ስለምንኖር ነው" ቢል፣ ወንፊት "ወንድም የሌለው ጭምብል እስካሁን አላጋጠመኝም" ብሎ ሰፈሩን በሙሉ አስቆ ነበር። ልጁ በዚያው ተባርሮ ቀረ።

ክርክሩን ልትዘጋ የመጣችው ዳኛዋ የሚሏት አንጋፋ አርታኢ ናት። ምራቋን የዋጠች ሰው ናት፤ አትቸኩልም። የጭምብል ቃል እንደ ወጉ ይሰረዝበታልና በአላፊ አግዳሚ ጽሑፍ ሁሉ ላይ መስመር አሠመረችበት። አላፊ አግዳሚ የሚለው ስም ለዘለዓለም ይታገዳል፤ ወንፊት የብዙ ዘመን ልፋት ስላለው በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ለመዋሃድ ከተሰጠው ሐሳብ ጠንካራው የአላፊ አግዳሚ ነበርና እሱ ሲወጣ የቀረው ስለማይበቃ፣ የድልድዩ ሳጥን ባለበት ይቆያል። የሚለው ነገር ያለው ካለ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ይናገር፤ በአላፊ አግዳሚ ስም የጻፈ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ሁለቱም በቪዲዮ ቀርበው ይታዩ አለች።

በዚህ ጊዜ ነው ካርድ የሚለው ቃል ድንገት ጭንቅላቱ ውስጥ የበራለት። ተነሥቶ ሳሎን ገባ። ሚስቱ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ስልኳን ይዛለች።

"አላፊ አግዳሚ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ" አለች፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ረጋ ብላ ነገረችው። መጀመሪያ ላይ ሴት የያዘ ነበር የመሰላት። ሰው በር ዘግቶ ለብቻው ፈገግ ካለ፣ ሲጠሩት ካልመጣ፣ ሌላ ምን ሊባል ነው? እህቷም "ነቃ በይ" ስትላት ከርማለች። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩን ሳይዘጋ ሥራ ሄደ፤ ልቧ እየመታ ገብታ አየች። ድልድይ! ገጹ ሙሉ ድልድይ ነው። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ሄጄ ጸጉሯን እነጭላት ነበር አለችው፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምራ በስልኳ ትከታተለዋለች። ከማያውቀው ሰው ጋር እንዴት ብሎ እንደሚነጋገር፣ እንዴት እንደሚያስረዳ፣ ስንቱን እህ ብሎ እንደሚያዳምጥ አየች። ያ ሰው እሷ ቤት የሚኖረው ሰው መሆኑን ማመን አቃታት።

"አራት አንቀጽ መለስክልኝ" አለችው። "ከተጋባን ጀምሮ ያን ያህል ቃል አንድ ላይ ሰጥተኸኝ አታውቅም። 'ክቡር' ብለኸኛል እኮ።"

"ታዲያ ለምን በእኔ ላይ ተነሣሽ?"

"ሳጥኑ መዋሃድ ስላለበት ነዋ።"

ፊቷን አየ። እንደ ልማዱ የላላ ነገር ፈለገ፤ ቂም ይሆን፣ ፌዝ ይሆን፣ እህቷ ያስጠናቻት ይሆን ብሎ አበጠራት። ምንም አላገኘም። ሴትዮዋ ስለ ሳጥኑ ያመነችውን ነው የተናገረችው። ዳኛዋ ያለችውን ነገራትና አንዴ በቪዲዮ አብረው ቢታዩ ነገሩ እንደሚያልቅ ለመናት። ስልኳን አስቀመጠችው።

"አልቀርብም" አለች። "ቀኑን ሙሉ ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሰው ማንነት ሳጣራ ነው የምውለው። ዛሬ ደግሞ በራሴ ሳሎን መኖሬን ላስመሰክር? አንተ ታውቀኝ የለ? አንተ ንገራቸው።"

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እንደ እውነቱ ከሆነ ዝም ቢል ሁሉም ነገር ለእሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ጊዜ ሲሄድ ይረሳል፤ ቀዩ ማስታወቂያ ይነሣል፤ ሳጥኑም ያቺም መስመር ይተርፋሉ። የእሷ ስም ቢታገድ ምን ይጎድልባታል፣ ለጥቂት ቀን የወጣ ስም አይደል? ይህን እያሰበ ገጹን ከፈተው። የጻፈችው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መስመር ተሠምሮበታል። "ጤና ይስጥልኝ" የሚለው እንኳ አልቀረላትም። አንጀቱን በላው። ስንት ዓመት ሲታገስ የኖረ ሰው አንዴ አፉን ከፍቶ ቢናገር፣ ያም ቢሰረዝበት ምን ይሰማዋል? ወንፊት እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም ነበር።

ጻፈ። "አላፊ አግዳሚ ጭምብል አይደለችም። ሚስቴ ናት። ሥራዋ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። የጻፈችው የራሷን ሐሳብ ነው፤ ደግሞም ልክ ናት፣ የሳጥኔ መስመር ባዶ ናት። በቪዲዮ አትቀርብም፤ እኔም አላስገድዳትም። ቃሏ ላይ የተሠመረውን አንሱላት። ሳጥኑን አዋህዱት።"

ዳኛዋ ብዙም ሳትቆይ መለሰች። "ወንፊት፣ በዓይንዎ አይተውት የማያውቁትን ሰው በሦስት መስመር ሲለዩ ኖረዋል። ይህቺን ሰው ግን ቀናት ሙሉ አንብበዋታል፤ ካርድ ክፍሏን ሳይቀር ጽፋልዎታለች። ሚስትዎ ከሆነች እንዴት አላወቋትም? ይህን ካልመለሱልኝ ላምንዎ አልችልም።"

ወንፊት ጽፎ አጠፋ። ሥራ በዝቶብኝ አለ፤ አጠፋው። በ"እርስዎ" ስለጻፈችልኝ ነው አለ፤ አጠፋው። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ላከ።

"ስትናገር አዳምጫት ስለማላውቅ ነው።"

ዳኛዋ ክርክሩን ዘጋች። ይህን የመሰለ ነገር ሰው ለማታለል ብሎ በራሱ ላይ አይጽፍም ብላ፣ በአላፊ አግዳሚ ቃል ላይ ያሠመረችውን በሙሉ አነሣች፤ ሳጥኑም እንዲዋሃድ ወሰነች። ሥራውን ምስማር ሠራው። ሳይፎክር፣ ሳያሽሟጥጥ፣ ድልድዮቹን አንድ በአንድ ወደ ትልቁ ሳጥን አዛወራቸው። ያቺ መስመር ግን ትልቁ ሳጥን ውስጥ ሳትገባ ቀረች።

ወንፊት ቀና ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ስልኳ በእጇ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"አነበብኩት" አለችው። "እውነትህን ነው። ግን ይህንንም ቢሆን የነገርከው ለእነሱ ነው።"

ወንበሩን አዙሮ አያት። የሚላት ነገር ነበረው፤ ብዙ ነበረው። አፉን ከፈተ። እጁ ግን ሳያስበው ወደ ኮምፒዩተሩ ፊደሎች ሄዶ ነበር፤ እሷም እጁን አየችው።